ዊዝትሪ፦ ዲስኩን ማን እንደበላው የሚያጋልጥ ትንሽ ፕሮግራም

የሲ ድራይቭ መስመር ቀይ ሲሆን ብዙ ሰው የሚሄድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ «ኮምፒውተር ያጸዳል፣ ያፈጥናል» የተባለ ፕሮግራም አውርዶ መጫን ነው። ሌላው ላፕቶፑን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሄዶ «ፎርማት አድርጉልኝ» ማለት። የመጀመሪያው ጥቂት መቶ ሜጋ ያስለቅቅና በወሩ ቀዩ መስመር ይመለሳል። ሁለተኛው ዲስኩን ባዶ ያደርገዋል፤ ቦታውን የበላው ምን እንደነበር ግን አብሮ ስለሚጠፋ ያው ነገር ያንኑ ዲስክ ዳግም ይሞላዋል።

ዊዝትሪ አያጸዳም፣ አያፈጥንም፣ «ይህን ያህል ችግር ተገኝቷል» ብሎም አያስደነግጥም። ዲስኩ ውስጥ ያለውን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ ያሳያል፤ በቃ። የሚያጠፋው ባለቤቱ ነው። በዊንዶውስ ላይ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየንም። ቅሬታም አለን፣ እሱ ወደታች ይመጣል።

ሠሪው አንቲቦዲ ሶፍትዌር የተባለ የኒውዚላንድ ድርጅት ነው። ለግል አገልግሎት ነፃ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ግን ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ጥቂት ሜጋ ብቻ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ቢወርድም አይከብድም። ሁለት ዓይነት አለው፦ የሚጫንና የማይጫን። የማይጫነውን ውሰዱ። ዚፕ ፋይል ነው፣ ፍላሽ ላይ ዘርግታችሁ ከዚያው ታስነሱታላችሁ። ዲስኩ ጥርቅም ብሎ በሞላ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን ራሱ ችግር ስለሆነ፣ ከፍላሽ መነሳቱ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ለምን እንዲህ ፈጠነ

ፎልደር ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ያለ ሰው ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲቆጥር ተቀምጦ ጠብቋል። ዊዝትሪ ኤስኤስዲን (የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ፈጣን ዲስክ) በሙሉ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳል። ምሥጢሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያስቀምጥበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ሥርዓት፣ የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ መጠንና የሚገኝበትን ፎልደር የሚጽፍበት አንድ መዝገብ አለው። ማስተር ፋይል ቴብል ይሉታል። ለአንድ ፋይል ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎባይት ይመድባል። 500,000 ፋይል ያለበት ዲስክ መዝገቡ ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው ማለት ነው። ዊዝትሪ ይህን መዝገብ በቀጥታ ያነባል። ሌሎቹ ግን ፎልደር እየከፈቱ፣ ውስጡ ያለውን ፎልደር እየከፈቱ ይሄዳሉ። ቀበሌው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ ቤት ለቤት ማንኳኳትና የቀበሌውን መዝገብ መግለጥ አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መዝገቡን በቀጥታ ለማንበብ የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሲነሳ «ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?» ብሎ ዊንዶውስ ይጠይቃል። እምቢ ካላችሁት ይሠራል፣ ግን እንደሌሎቹ ቀርፋፋ ይሆናል፤ የተቆለፉ ፎልደሮችም አይታዩትም። ሁለተኛ፣ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በተባሉ ሌሎች ሥርዓቶች በተዘጋጀ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ በኔትወርክ በተያያዘ ዲስክም ላይ ይህ መዝገብ ስለሌለ ወይም ስለማይደረስበት ፍጥነቱ ይቀራል። ፕሮግራሙ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው

ከላይ ድራይቩን ትመርጣላችሁ፣ ስካን የሚለውን ትጫናላችሁ። ወዲያው ፎልደሮቹ በግዝፈታቸው ተደርድረው ይመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ከጠቅላላው ስንት ከመቶ እንደያዘ ይጻፋል። ከታች ደግሞ ዲስኩ በሙሉ በባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ተሞልቶ ይታያል፤ የአራት ማዕዘኑ ስፋት የፋይሉ መጠን ነው። በቀኝ በኩል በፋይል ዓይነት የተከፈለ ዝርዝር አለ፦ ኤምፒፎር ይህን ያህል፣ ዚፕ ይህን ያህል እያለ። ፋይል ቪው የሚለውን ሁለተኛውን ታብ ስትጫኑ ደግሞ ፎልደሩን ትቶ በዲስኩ ላይ ያሉትን ትልልቅ ፋይሎች በቀጥታ ይደረድራል።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ዓምዶችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ሳይዝ ነው፣ ሌላው አሎኬትድ። ሳይዝ ፋይሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ አሎኬትድ ዲስኩ ላይ በእርግጥ የያዘው ቦታ። ብዙውን ጊዜ ይቀራረባሉ። የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ በሆነው ዋን ድራይቭ ላይ ግን ይለያያሉ። የደመና ምልክት ያለበት ፋይል በኢንተርኔት ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ የለም፤ ሳይዙ 4 ጊጋ፣ አሎኬትዱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ያንን አይቶ «ይኸው ትልቁ» ብሎ ማጥፋት ዲስኩ ላይ ምንም አያስለቅቅም፤ ፋይሉን ግን ከኢንተርኔቱም ያጠፋዋል። ዋን ድራይቭ ውስጥ ቦታ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን በቀኝ ክሊክ አድርጎ ፍሪ አፕ ስፔስ ይበል። ፋይሉ በኢንተርኔት ይቀመጣል፣ ዲስኩም ይለቀቃል።

ሌላ የተለመደ ግራ መጋባት አለ፦ 256 ጊጋ ተብሎ የተገዛው ዲስክ 238 ብቻ ያሳያል። ሻጩ አላታለለም። ዲስክ ሠሪው 1 ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ብሎ። 128 የተባለውም በዚሁ ሒሳብ 119 ይሆናል። ዊንዶውስ መስመሩን ቀይ የሚያደርገው ከ10 በመቶ በታች ሲቀር ስለሆነ፣ 238ቱ ላይ ቀዩ የሚመጣው 24 ጊጋ ገደማ እያለ ነው። ያኔ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ችላ ማለትም አይገባም። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ አዲስ ነገር ለመጻፍ የውስጡን መረጃ ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ስለሚደክም ይንቀራፈፋል፤ የዊንዶውስ አፕዴትም ቦታ አጥቶ መሃል መንገድ ላይ ይወድቃል።

ቴሌግራም

የኛ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስካን ተደርጎ ትልቁን አራት ማዕዘን ስትጫኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው ቴሌግራም ዴስክቶፕ የተባለ ፎልደር ነው። ፊልሙም፣ ስብከቱም፣ የትምህርት ቪዲዮውም፣ ፒዲኤፉም በቴሌግራም ስለሚመጣ አያስደንቅም። ያው ፊልም ሦስት ጊዜ ወርዶ ከስሙ ኋላ በቅንፍ 1፣ 2 ተጽፎበት ይገኛል። ዝርዝሩን በስም ደርድሩትና ድግግሞሹን በአንድ ዙር አስወግዱ።

ይህ ግን የሚታየው ክፍል ነው። ቴሌግራም በተጨማሪ ያያችሁትን ፎቶ፣ የከፈታችሁትን ድምፅና ቪዲዮ በድብቅ ፎልደር ያከማቻል። ቦታው ዩዘርስ፣ ከዚያ የእናንተ ስም፣ ከዚያ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ፣ ቲዳታ ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር የተጫነ ከሆነ ደግሞ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ፓኬጅስ ውስጥ ይገኛል። ዊዝትሪ ድብቅ ፎልደርንም ስለሚያሳይ ወዲያው ይወጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ቲዳታን በሙሉ መሰረዝ ነው። ቲዳታ ውስጥ ያለው የተከማቸው ፎቶና ቪዲዮ ብቻ አይደለም፤ መግቢያችሁም እዚያው ነው። ከጠፋ ቴሌግራም እንደ አዲስ ስልክ ቁጥርና ኮድ ይጠይቃል። ሲሙ የተዘጋበት ወይም ስልኩ ከእጁ የወጣ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል።

ትክክለኛው መንገድ በራሱ በቴሌግራም ውስጥ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች፣ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ። እዚያ የተከማቸው በዓይነት በዓይነት ተለይቶ ከነመጠኑ ይታያል፤ የፈለጋችሁትን ብቻ ታጸዳላችሁ። ከታች ያሉት ማንሸራተቻዎች ከዚህ መጠን አትለፍ፣ ከዚህ ቀን በላይ የቆየውን አጥፋ ማለት ናቸው። እነሱን ሳትነኩ ከወጣችሁ ጽዳቱ የአንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀጥላችሁ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ የሚለውን ክፈቱ። ለግል መልእክት፣ ለግሩፕና ለቻናል በየራሱ ይስተካከላል፤ የቻናሉንና የግሩፑን ዝጉት። ዲስኩም ዳታውም ይተርፋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ የጸዳው በቴሌግራም ላይ አለና ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል፤ ዳታ እንደገና ይከፈልበታል እንጂ አይጠፋም። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው ግን ቻናሉ ከተዘጋ ወይም ፖስቱ ከተነሳ ብቸኛው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ከመሰረዛችሁ በፊት ምንጩ አሁንም መኖሩን እዩ።

የዊንዶውስ የራሱ ሸክም

ፋይል ቪው ላይ ከላይ ከሚመጡት አንዱ ሃይበርፊል የተባለው ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት ሲደረግ (የተከፈተው ሥራ ተይዞ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ) ራም በተባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ያለውን የሚገለብጥበት ቦታ ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 መጠኑ ብዙውን ጊዜ የራሙ 40 በመቶ ነው፤ 8 ጊጋ ራም ላለው 3.2 ጊጋ፣ 16 ላለው 6.4። በዴሊት አይሄድም፣ ዊንዶውስ ይዞታል። የሚነሳው በትዕዛዝ ነው፦ ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ በቀኝ ክሊክ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር በሉ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ፓወር የሚለውን ቃል፣ ሳትለያዩ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ አስከትሉበት፤ ከዚያ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመች ስላሽ፣ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ። ኢንተር። ፋይሉ ያኔውኑ ይጠፋል። ኦፍ ያላችሁበትን ኦን ካላችሁት ይመለሳል።

ዋጋ አለው ግን። ሃይበርኔት ይቀራል፤ ኮምፒውተሩን ፈጥኖ የሚያስነሳው ፋስት ስታርትአፕም አብሮ ይቀራል፣ እሱም የሚሠራው በዚሁ ፋይል ነው። መብራት በሚጠፋበትና ባትሪው ደካማ በሆነበት ቦታ ሃይበርኔት ሥራን የሚያተርፍ ነገር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ 3 ጊጋ ብሎ እሱን መሠዋት አይመከርም። ሁልጊዜ ከሶኬት ጋር ለሚሠራ ዴስክቶፕ ግን ያለ ጭንቀት ይነሳ።

ከሱ ጎን የሚታየውን ፔጅፋይል ተዉት። ራም ሲያንስ ዊንዶውስ የሚደገፍበት ነው፤ 4 ወይም 8 ጊጋ ራም ላይ ሲዘጋ ብሮውዘሩ ታቦች ሲበዙበት ይሞታል፣ ፕሮግራሞችም «ሚሞሪ የለም» ብለው ይዘጋሉ። ሁለተኛ ዲስክ ካለ ወደዚያ ማዘዋወር ይቻላል።

ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የተባለ ፎልደር ካያችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ የሚቀር የቀድሞው ዊንዶውስ ነው፣ 20 ጊጋም ሊያልፍ ይችላል። ዊንዶውስ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ያጠፋዋል፤ አይጠፋም ብሎ ከቀረ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ገብታችሁ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን የሚለውን መርጣችሁ ሪሙቭ ፋይልስ በሉት። በእጅ ለመሰረዝ መሞከር የፈቃድ ጥያቄ ጦርነት ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ደህና እየሠራ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ይህ ፎልደር ከሄደ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

እዚያው ገጽ ላይ ዳውንሎድስ የሚል መምረጫ አለ። አትንኩት። ዊንዶውስ 10 «1809» በተባለው እትሙ ዳውንሎድስን ዲስክ ክሊንአፕ በተባለው አሮጌ ማጽጃው ዝርዝር ውስጥ ጨምሮት ነበር፤ ሁሉንም ሳጥን ምልክት ማድረግ የለመደ ሰው የራሱን ፋይል አብሮ ጠረገ። በኋላ ከዚያ ዝርዝር አወጡት፣ ሴቲንግስ ውስጥ ግን አሁንም አለ።

ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚሞሪ ዶት ዲኤምፒ የሚል ፋይል ይኖራል። ለባለሙያ ምርመራ የተቀመጠ ነው፤ የሚመረምረው ከሌለ ይሰረዝ።

አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁ አንድ ልዩ በሽታ አለ። ዊንዶውስ፣ ሎግስ፣ ሲቢኤስ ውስጥ ያለው የአፕዴት መዝገብ ከ2 ጊጋ ሲያልፍ፣ የሚያጨምቀው ፕሮግራም እንዲህ ያለ ትልቅ ፋይል መጨመቅ ስለማይችል ይወድቃል፤ ሲወድቅ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር) ስሙ «ካብ» ብሎ የሚጀምር ቁራጭ ጥሎ ይሄዳል። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይጥላል። ዲስኩ ማንም ሳይነካው በየቀኑ እየሞላ የሚሄደው በዚህ ነው። ቁራጮቹን ብቻ ማጥፋት ተመልሶ መምጣቱን አያስቀርም። ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስታለር የተባለውን ሰርቪስ (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) አቁሙ፣ ትልቁን የሲቢኤስ መዝገብ አጥፉ፣ ከዚያ ቁራጮቹን፤ ሪስታርት። በዓይን ሳያዩት ይህን በሽታ መገመት ስለማይቻል፣ እንዲህ ባለ ቦታ የዊዝትሪ ዋጋው ይታያል፤ ነፃ ቢሆንም።

የማይነኩ

ዋናው ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ዊዝትሪ የሚጠፋውንና የማይጠፋውን በአንድ ፊት ያቀርባል። ቀይ ምልክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ በቀኝ ክሊክ ውስጥ ግን ዴሊት አለ። ፈቃዱም የአድሚኒስትሬተር ነው። ስለዚህ ከዊዝትሪ ውስጥ አትሰርዙ፤ በቀኝ ክሊክ ፎልደሩን በፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱና ከዚያ ሰርዙ። ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይገባል፣ ዊንዶውስም የራሱን ፋይል ይከላከላል። (ሪሳይክል ቢኑ ካልተራገፈ ቦታው እንደማይለቀቅ አትርሱ። «አጠፋሁት ግን ቦታው አልጨመረም» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይኸው ነው።)

ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኢንስታለር የተባለው ድብቅ ፎልደር 10 ጊጋ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ውስጡ ያሉት ፋይሎች ስማቸው ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ስለሆነ ቆሻሻ ይመስላሉ። አይደሉም። ኦፊስም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ሲታደስ፣ ሲጠገን ወይም ሲነቀል የሚፈልገው እነሱን ነው። ከተሰረዙ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ኦፊስ አልታደስም፣ አልነቀልም ሲል ይታያል፤ ያኔ ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም።

ዊንኤስኤክስኤስ የተባለውም እንዲሁ። በፋይል ኤክስፕሎረር ሲለካ ከእውነቱ ገዝፎ ይታያል፤ ምክንያቱም ውስጡ ያሉት ብዙዎቹ ፋይሎች ሲስተም 32 ውስጥ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ አንድ ፋይል በሁለት ስም። በእጅ ቢነካ ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል። ማቅለል ከፈለጋችሁ ዲስክ ክሊንአፕን ክፈቱ፣ ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ በሉ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ የሚለውን ምረጡ። አሮጌ ዲስክ ላይ ረዥም ጊዜ ይወስዳል፣ 99 ከመቶ ላይ የቆመም ይመስላል። ተዉት፣ ይጨርሳል።

ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን የሚለው የሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስ ሲበላሽ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለስበት ነጥብ) ማስቀመጫ ነው። ከገዘፈ በሲስተም ፕሮቴክሽን ውስጥ ኮንፊገር ብላችሁ ጣሪያውን ዝቅ አድርጉት።

ሠርግ ለሚቀርጹና አይፎን ላላቸው

ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ዲስክ የተለየ ነው። አዶቢ ፕሪሚየር የገባለትን ቪዲዮ ሁሉ ለማጫወት እንዲቀለው የራሱን ቅጂዎችና የድምፅ ሞገድ ሥዕሎች ይሠራል፤ በልማድ የሚያስቀምጣቸው ሲ ላይ ነው፦ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ አዶቢ፣ ኮመን፣ ሚዲያ ካሽ ፋይልስ። ሥራው አልቆ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላም እዚያው ይቀራል። የአንድ ዓመት ሠርግ ተከማችቶ ዲስኩን ሲውጥ ዊዝትሪ ላይ አንድ ትልቅ ቦታ ሆኖ ይታያል። ፕሪሚየር ውስጥ ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሚዲያ ካሽ ገብታችሁ አጽዱት፤ ቦታውንም ወደ ሌላ ዲስክ ቀይሩት፤ ከዚህ ቀን የቆየውን በራስህ አጥፋ የሚለውንም አብሩት። ዋናው ቪዲዮ አይነካም። አሮጌ ፕሮጀክት ስትከፍቱ እንደገና መሥራት ስላለበት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስጠብቃል፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

አይፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘ ሰው ደግሞ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ አፕል ኮምፒውተር፣ ሞባይልሲንክ፣ ባክአፕ ውስጥ የስልኩን ቅጂ ሊያገኝ ይችላል። 128 ጊጋ ስልክ 256 ጊጋ ዲስክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። የተሸጠ ስልክ ባክአፕ እንኳ እዚያ ይቀመጣል። ከአይቱንስ ሰርዙት፤ ብቸኛው ባክአፕ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ

ዊንዲርስታት በዊንዶውስ ላይ ከዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች አንጋፋ ከሆኑት አንዱ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ ለመሥሪያ ቤትም ነፃ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ችግሩ ቀርፋፋነቱ ነበር፤ በ2007 የወጣው 1.1.2 እትም ለዓመታት ሳይቀየር ኖሮ በ2024 ሁለተኛው ትውልድ ወጣ፣ በጣምም ፈጠነ። ፈቃድ መግዛት የማይፈልግ ቢሮ እሱን ይጠቀም። በግል ኮምፒውተር ላይ ግን ፋይል ቪውን የመሰለ ቀጥተኛ ዝርዝርና የዊዝትሪን ፍጥነት የቀመሰ ሰው አይመለስም።

ሲክሊነር የብሮውዘር ካሽን (ድረ ገጽ ቶሎ እንዲከፈት የሚቀመጠውን ቅጂ) እና ቴምፕን ያጸዳል፤ ቴምፑን ዊንዶውስ ራሱ ስቶሬጅ ሴንስ በተባለው የራሱ ማጽጃ ይጠርገዋል። ካሽ ደግሞ በጸዳ ማግስት ተመልሶ ይሞላል፤ የተጸዳው ድረ ገጽ ሁሉ እንደገና ሲወርድ ዳታ ይበላል። የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ማጽጃው ይህ ነው የሚባል ቦታ አያስለቅቅም፣ ማይክሮሶፍትም እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች አይደግፍም። በ2017 ደግሞ የሲክሊነር 5.33 እትም ከነተንኮል አዘል ኮዱ በራሱ በድርጅቱ ማውረጃ በኩል ተሰራጭቶ ሁለት ሚሊዮን ከሚበልጡ ኮምፒውተሮች ላይ መድረሱ ይታወቃል። ያ ተስተካክሏል። ቢሆንም ላይጠቅም ነገር ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ ማስቀመጡ አይታየንም።

ስቶሬጅ ሴንስ ግን ይብራ። በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ውስጥ ነው። ሪሳይክል ቢኑን በ30 ቀን፣ ዳውንሎድስን ኔቨር ላይ አድርጉት። ዊዝትሪ ትልልቁን ያሳያል፣ እሱ ጥቃቅኑን ይጠርጋል፤ አይጋጩም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ቀላል ነው፦ ነፃው እትም ደጋፊ ሁኑ የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ሦስተኛው፦ ተመሳሳይ ፎቶዎችን ለይቶ በራሱ የማጥፋት ሥራ የለውም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሁሉም ተደርጎ ቀዩ ካልጠፋ ዲስኩ ትንሽ ነው ማለት ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑ የሚቀበለው የቱን እንደሆነ ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩ፦ 2.5 ኢንች ሳታ ነው፣ ወይስ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም ዶት 2። ኤም ዶት 2 ራሱ ሁለት ነው፣ ሳታና ኤንቪኤምኢ፤ ቀዳዳው ቢገጥም እንኳ ማሽኑ አንዱን ላያነብ ይችላል። አሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ በክሎን ሲገለበጥም ሲ ድራይቭ እንደድሮው 238 ሆኖ ቢቀር አትደንግጡ። የቀረው ባዶ ቦታ ከኋላ አለ፤ በመሃሉ የዊንዶውስ ሪከቨሪ ክፍል ስለተቀመጠ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ኤክስቴንድ ቮልዩም ደብዝዞ አይጫንም። ክሎን የሚያደርገው ባለሙያ ከመጀመሪያው ያንን ክፍል ወደ ዲስኩ መጨረሻ እንዲያዛውረው ንገሩት።